ቶሎ የደረቀ ቀለም ሁሉ ጥሩ ቀለም አይደለም!

ከኮልፌ አጣና ተራ እስከ አለም ባንክ በየብረት በር መሥሪያው ደጃፍ የምሰማት አንዲት ማሻሻጫ አለች፦ «ኦሪጅናል ነው፣ ባንድ ሌሊት ድርቅ ይላል!» እሺ፣ ያደረቀው ግን ምንድነው?

የዘይት ቀለም ቲነሩ ስለተነነ ብቻ አይደርቅም። ዘይቱ ከአየር ላይ ኦክስጅን ወስዶ እርስ በርሱ መተሳሰር አለበት። ይህን የሚያፋጥነው ማድረቂያ፣ አትሳቁ፣ የሳሙና ዘመድ ነው። በልብስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ሶዲየም በኮባልት፣ በማንጋኒዝ ወይም በእርሳስ ተኩት፤ ውሃ እምቢ ይለዋል፣ አሲዱ በደንብ ከተመረጠ ግን ቲነር ውስጥ ይሟሟል። ለምን? ብረቱ ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ ዘይት ወዳዱ ጭራ ወደ ውጭ ይዞራል። በውሃ ውስጥ ያስተማርኳችሁ የሳሙና አሰላለፍ ተገልብጦ ማለት ነው። የተማሪዎቼ ጥያቄ ትዝ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?» ለፈተና ባይመጣ ለቤታችሁ መጥቷል!

ብረቱ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። እርሳስ ስል ደግሞ የምትጽፉበትን አይደለም፣ እሱ ግራፋይት ነው። ቀለሙ ሲያረጅ ይላጣል፣ አቧራ ይሆናል፣ ከሕፃን ጣት ወደ አፉ ይገባል። የሚጎዳው አእምሮውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «ጉዳት የለውም» የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 ከ90 ፒፒኤም በላይ እርሳስ ያለበትን ቀለም ከልክሏል። አንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ግማሽ በመቶ እርሳስ ብቻ ብትገባ 5,000 ፒፒኤም ይሆናል! በእርሳስ ክሮሜት የተሠራ ደማቅ ቢጫ ደግሞ ከዚያም በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

«ያለ እርሳስ ውስጡ አይደርቅም» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ይደርቃል! ዚርኮኒየምና ካልሲየም ከኮባልት ጋር ሆነው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። የቸገረን ኬሚስትሪ አይደለም፣ ርካሽ መፈለግና አለመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ለመማሪያ ክፍል፣ ለዴስክ፣ ለሕፃናት አልጋ ቀለም ስትገዙ «እርሳስ የለበትም የሚል ጽሑፍ ጣሳው ላይ አሳየኝ» በሉ። አሮጌ ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አርጥቡት፤ ልጆችንም አርቁ። ቀለም ለመድረቅ አንድ ቀን ቢጨምር ማንም አይጎዳም። የልጅ አእምሮ ግን አንዴ ከተጎዳ እንደ በር ሁለተኛ አይቀባም።

ቤት ለምታሠሩ ሁሉ ሼር አድርጉልኝ።