የገዳሪፍ እህልና የመጋዘኑ ክዳን

እህልን የሚያበቅለው ዝናብ እህልን የሚያበላሸውም እርሱ ነው። ከኢትዮጵያ ወሰን ማዶ በሚገኘው በገዳሪፍ አገር ይህ ነገር በየዓመቱ ይታያል። ክረምቱ ጥቁሩን መሬት አረስርሶ ማሽላውንና ሰሊጡን በሚያሳድግበት በዚያው ወራት፤ ያለፈው ዓመት ምርት የተከማቸበትን መጋዘን ክዳን ይፈትናል። ስለዚህ የጣሪያ ነገር ለአናጢ ብቻ የሚተው ሳይሆን የሕዝብ ቀለብ ጉዳይ ነው።

ገዳሪፍ የሱዳን ጎተራ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የባቡር ሐዲድ ከከሰላ በኩል ደረሰለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የእንግሊዝ አስተዳደር በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ በዚያ አስጀመረ። በ1960ዎቹ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ታላቅ የእህል ማጠራቀሚያ ተሠራ። እርሻው ከዚያ ወዲህ በአንድ ወገን እስከ መፋዛና እስከ ረሀድ ወንዝ፤ በሌላው ወገን እስከ ገላባት ወሰን ተዘርግቷል። በወዲህኛው ወገንም መተማና ሑመራ በሰሊጣቸው የታወቁ ሆነዋል።

በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ የዚህ እህል ዋጋ በገበያ ሚዛን ብቻ የሚለካ አልሆነም። በዲሴምበር 2023 በጀዚራ ግዛት የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ተዘርፎ፤ ለ1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ገደማ አንድ ወር ይበቃ የነበረ ቀለብ ጠፋ። በኦገስት 2024 ደግሞ በሰሜን ዳርፉር በዘምዘም የተፈናቃዮች ሰፈር ረኀብ መግባቱ በይፋ ተረጋገጠ። እንግዲህ ከዘራፊ እጅ የተረፈው እህል በሚያፈስ ክዳን ሥር ቢበሰብስ ለተራበው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?

የአገሩ ነፋስ ምን ያህል ኃይለኛ እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2020 መጨረሻ የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ሰዎች ብዙዎቹ በመፋዛ አውራጃ በቱነይድባ ሠፍረው ነበር። በ2021 የክረምቱ መግቢያ ላይ የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ብዙ ድንኳኖችን ቀዶ ጣለ። ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት ይህ አቧራ የተሸከመ ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ ስለሚደርስ፤ ክዳኑን እርሱ ከፈታው በኋላ ውሃው ይከተላል።

ብዙ ሰው ነፋስ ጣሪያን ተጭኖ የሚሰብር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል 56 ኪሎ ያህል ነው፤ በጠርዝና በማዕዘን ላይ ስበቱ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ግን በካሬ ሜትር 4 ኪሎ እንኳ አይመዝንም። ስለዚህ ክዳኑን የሚይዘው የራሱ ክብደት ሳይሆን ምስማሩና ብሎኑ ነው። በሩ ተከፍቶ ነፋሱ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከላይ ስበት ከታች ግፊት ይሆናል። ከዚህም የተነሣ በጠርዙና በጉልላቱ በኩል ብሎኑን ማቀራረብ፤ በሩንም ማጥበቅ የመጀመሪያ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ፀሐይ ነው። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ አሉሚኒየም ሲሆን መለጠጡ እጥፍ ያህል ነው። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የምስማሩን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ የጎማው ሮንዴላም ደርቆ ይሰነጠቃል። በእርጥብ ሌሊት ደግሞ የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ከሥሩ ጤዛ ያወጣና በጆንያው ላይ ያንጠባጥባል። በዚህ ጊዜ አንድም ቀዳዳ ሳይኖር እህሉ ይሻግታል። ለዚህ መድኃኒቱ የአየር መውጫ ማበጀት፤ ክዳኑን ነጭ ቀለም መቀባት፤ ጆንያውንም ከወለልና ከግድግዳ አርቆ መደርደር ነው።

ሦስተኛው ጠላት ከእግር በታች ያለው ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ግድግዳው ይናጋል፤ ተሸካሚው ይጣመማል፤ የቆርቆሮው መጋጠሚያም ይከፈታል። እንዲህ ያለውን ክዳን ደጋግሞ መጠገን ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን እንደ ማከም ነው።

የአገሩ ገበሬ ግን ከቆርቆሮ በፊትም ዘዴ ነበረው። መጥሙራ የሚባለው የእህል ጉድጓድ በአፈር ከተደፈነ በኋላ ውስጡ ያለው አየር እያለቀ ስለሚሄድ ነቀዙ ይሞታል፤ ማሽላውም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ነፋስም ሊገለብጠው አይችልም። ይሁን እንጂ ውሃ ከጎኑ ከሰረገበት እህሉ ይጠፋል፤ በየጊዜው ለሚሸጥ እህልም አይመችም። የሣር ክዳን ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን እሳትና ምስጥ ይፈራል። ሸራ በቶሎ ይዘረጋል፤ ፀሐይ ግን በቶሎ ያስረጀዋል። ስለዚህ ለገበያና ለእርዳታ እህል በቂ ውፍረት ያለው፤ በደንብ የተዘቀዘቀና ሰፊ አሸንዳ የተበጀለት ቆርቆሮ ይመረጣል።

ከምርጫው የሚከብደው ጥበቃው ነው። ማሽላው ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው አዲሱ ምርት ከመድረሱ በፊት፤ በክረምቱ ወራት ነው። ክዳኑም የሚያፈሰው በዚያው ጊዜ ስለ ሆነ የሚጠፋው እህል ከሁሉ ይልቅ ውድ የሆነው ነው። መጋዘኑ የኪራይ ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ እህሉ የእኔ አይደለም ይላል፤ ነጋዴውም ጣሪያው የእኔ አይደለም ይላል፤ በሁለቱ መካከል ብሎኑ ሳይጠበቅ ክረምቱ ይገባል። ስለዚህ ማን እንደሚጠግን፤ በየትኛውም ወር እንደሚጠግን በኪራዩ ውል ላይ ተለይቶ መጻፍ ይገባዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ በሚያዝያ ወር ብሎኑን ማጥበቅ፤ የደረቀውን ሮንዴላ መለወጥ፤ አሸንዳውን ከአቧራ መጥረግና ዝገቱን መቀባት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ጦርነትን ለማብረድ የመጋዘን ጠባቂ ሥልጣን የለውም፤ ድርቅንም አያስቀርም። የተሰበሰበውን እህል ከዝናብ ማዳን ግን በእጁ ነው፤ በወሰኑ በሁለቱም ወገን ያለ ባለ መጋዘን የሚጠየቀውም በዚሁ ነው።