ሁሉን ወዳዱ ሚኒስትር

ኤሪክ ሚልከ የሚባል ሰው ነበር። ስሙን ባንሰማ እጁን እናውቀዋለን። ከ1957 እስከ 1989 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የምሥራቅ ጀርመን የመንግሥት ደኅንነት ሚኒስትር ነበር። ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ የደርግ ደኅንነቶችን ያሠለጠነው የእሱ መሥሪያ ቤት ነው። ወንድማዊ እርዳታ ይሉት ነበር። ወይ ወንድምነት!

ሰውየው የወዛደር ልጅ ነው። ይህን የምንለው፣ «የጭቁን ልጅ አይጨቁንም» የሚል ዛሬም ስለማይጠፋ ነው። በ1931 በርሊን ላይ ሁለት የፖሊስ መኮንኖች በጥይት ሲገደሉ እጁ ነበረበትና ወደ ሞስኮ ኮበለለ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ደረጃ በደረጃ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ «የፓርቲው ጋሻና ሰይፍ» ነኝ ይል ነበር። በመጨረሻው ዘመን 91 ሺህ ያህል ቋሚ ሠራተኛ ነበረው፤ ጆሮ ጠቢው ከዚያም ይበዛል። ባል ሚስቱን ሰልሎ ሪፖርት አቅርቧል። የተጠርጣሪን ጠረን እንኳ በጨርቅ ወስደው በጠርሙስ ያሽጉ ነበር! ይህ ሁሉ ድካም ታዲያ ሶሻሊዝምን አንድ ቀን አሳደረው?

ኅዳር 13 ቀን 1989 ምክር ቤት ፊት ቀረበ። «ጓዶች» እያለ ሲናገር አንዱ፣ እዚህ ያለነው ጓዶች ብቻ አይደለንም ብሎ አቋረጠው። ሽማግሌው ግራ ገባው። «እኔ እኮ ሁሉንም እወዳለሁ፣ ሰውን ሁሉ» አለ። አዳራሹ ሳቀበት። እኛ ግን መሳቁ አልመጣልንም። እንዲህ ያለውን ፍቅር ቀምሰነዋልና።

በ1993 ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈረደበትም በ1931ዱ ግድያ ነው። በሚኒስትርነቱ ዘመን ለተሠራው አንድም ፍርድ ሳያገኘው በ1995 ተፈታ፣ በ2000 ሞተ።

ፍርድ ቤት ያልደረሰበትን ሕዝቡ ራሱ ደረሰበት። ደኅንነቶቹ መቁረጫ ማሽኑ አልበቃ ሲላቸው ፋይሉን በእጃቸው ይቀዱ ነበር፤ ሰው ጥር 15 ቀን 1990 ዋናው ግቢ ገባ። በ1991 መጨረሻ የወጣው ሕግም የተሰለለ ሁሉ የገዛ ፋይሉን እንዲያይ ፈቀደ። ማን እንደጠቆመው ስሙን ያነባል።

የእኛ አገር ፍርድ ቤት በበኩሉ በ2006 የደርግን አለቆች በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏል። በዚህስ ከጀርመን እንበልጣለን። ፋይሉስ? በ1977 ወንድሟን ከቤት የወሰዱባት እኅት፣ ማን እንደጠቆመው ለማንበብ የምታንኳኳው የትኛውን በር ነው? ዘበኛውስ «ምን ፈልገሽ ነው?» ሲላት ምን ትበለው?