የትምህርት ማስረጃና የደላላ ተስፋ

በካርቱም ከተማ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን ለረጅም ዓመታት ኖረዋል። ከእነርሱም መካከል ቀን በሰው ቤት እየሠሩ ማታ መጽሐፍ የሚገልጡ፥ አንድ ቀን ባሕር ተሻግሬ እማራለሁ የሚሉ ወጣቶች ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማው ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ብዙዎች ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው ወጡ፤ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የገቡም አሉ። ልብስና ዕቃ ተሠርቶ ይተካል፤ የትምህርት ማስረጃ ግን ከጠፋ ለመተካት ብዙ ደጅ ጥናት ይጠይቃል።

ለስደተኛ ተማሪ የተከፈተ በር አለ። በጀርመን መንግሥት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተውና ራሱ ስደተኛ በነበረው በአልበርት አንስታይን ስም የተሰየመው ነፃ የትምህርት ዕድል፥ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ይሰጣል። ተማሪው በተጠለለበት አገር ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለትምህርት፥ ለመጽሐፍና ለኑሮ የሚሆነውን ያገኛል። የቱርክ መንግሥትም ለውጭ አገር ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። መምህራኖቿን ልካ ብዙ ልጆቻችንን ያስተማረችው ሕንድም፥ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቋቋመችው የባህል ግንኙነት ምክር ቤት በኩል የአፍሪቃን ተማሪዎች ትቀበላለች።

ታዲያ በሬ ተሸጦ፥ ጌጥ ተይዞ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ስለ ምንድር ነው? ከፍተኛ ኮሚሽኑ ለሚሰጠው አገልግሎት ዋጋ አይጠይቅም፤ ለቱርኩ ስኮላርሺፕ ማመልከትም በነፃ ነው። «ስሙን አስገባልሃለሁ፥ ቀብዱን ስጠኝ» የሚል ሰው ቢመጣ፥ የሚሸጠው ተስፋ እንጂ ትምህርት አለመሆኑን ማወቅ ይገባል።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን የምንመክረው ይህን ነው። የማስረጃችሁን ግልባጭ ከአንድ በላይ አድርጋችሁ አንዱን በታመነ ዘመድ ዘንድ አኑሩ። የማመልከቻውን ደብዳቤ ራሳችሁ ጻፉት፤ የተዋሱት ቃል በጥያቄ ጊዜ ያሳፍራልና። የመሳፈሪያውን፥ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ ማን እንደሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወላጆችም ሆይ፥ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1958 ለሌሎች የአፍሪቃ ልጆች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደ ሰጠች አስታውሱ። ተቀባይ መሆን ውርደት አይደለም። ልጃችሁ በመጀመሪያው ዓመት ባይመረጥ አትውቀሱት፤ ለሁለተኛው እንዲዘጋጅ መብራቱን አብሩለት።