ከትልቅ ጥይት የለመደ እጅ

በአሜሪካ ሽጉጥ ታጥቆ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ማግኘት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ቀሏል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁን 2022 የብሩን ጉዳይ በሚባለው ክርክር የሰጠው ውሳኔ፣ ፈቃድ ጠያቂው ከሌላው ዜጋ የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድድ የነበረውን የኒው ዮርክ ሕግ ሻረ፤ ተመሳሳይ ሕግ የነበራት ሜሪላንድም ብዙ ሳትቆይ አሠራሯን ለወጠች። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በመሰል ከተሞች ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ፣ ግሮሰሪና ምግብ ቤት የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችንንም “የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ?” የሚለው ጥያቄ ይመለከታቸዋል ማለት ነው። ገበያው ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው የሚያጓጓ መልስ አለው፤ ጥይቱ ትልቅ፣ ካዝናው ብዙ የሚጎርስ፣ ቅዳሜ ዒላማ የሚተኮስበት፣ ሰኞ ደግሞ ወገብ ላይ የሚታጠቁት አንድ ሽጉጥ። ይህ መልስ ስህተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለመታጠቅ የሚገዛ ሽጉጥ መመዘን ያለበት በጥይቱ ስፋትና በካዝናው ብዛት አይደለም፤ ባለቤቱ ደጋግሞ ሊለማመድበት፣ ሲደነግጥም ሊቆጣጠረው በመቻሉ ነው።

የትልቅ ጥይት ፍቅር ያለ ምክንያት አልመጣም። የአሜሪካ ጦር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በፊሊፒንስ ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ፣ በወታደሮቹ እጅ የነበረው ባለ 38 ሽጉጥ (እንዲህ ያለው ቁጥር የጥይቱን ስፋት በመቶኛ ኢንች ይጠቁማል) ደጋግሞ የተመታን ሰው እንኳ አያቆምም የሚል ቅሬታ በረታ። በ1904 ቶምፕሰንና ላጋርድ የተባሉ ሁለት መኮንኖች በከብቶችና በአስከሬኖች ላይ ሙከራ አድርገው፣ ከባለ 45 ያነሰ ጥይት ለወታደር ሽጉጥ አይበቃም ብለው ደመደሙ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ኤም 1911 በዚህ ድምዳሜ ላይ የቆመ ነው፤ በካዝናው ሰባት ጥይት እየያዘ እስከ 1985 የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ቆይቷል። በሌላ በኩል የቤልጅጉ ኤፍኤን ፋብሪካ በ1935 ያወጣው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ጥይቶችን በሁለት ረድፍ በመደርደሩ 13 ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት መያዝ ቻለ። ሁለቱን ሐሳብ አዋህዶ ትልቁን ጥይት በሁለት ረድፍ መደርደር የተስፋፋው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ዛሬ ግሎክ 21 ባለ 45 ጥይት 13፣ ኤፍኤንኤክስ 45 ደግሞ 15 ይጎርሳሉ። ይህ ግን ዋጋ አለው። ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ጥይት ጎን ለጎን ሲደረደር እጀታው ይወፍራል፤ ጣቱ አጭር የሆነ ሰው ቃታው ላይ ለመድረስ ሲል አያያዙን ለማዛባት ይገደዳል። ክብደቱም ይጨምራል፤ ግሎክ 21 ጥይቱን ሲሞላ ከአንድ ኪሎ ሲያልፍ፣ 15 ባለ 9 ጥይት የሚይዘው ግሎክ 19 ግን ከነጥይቱ 900 ግራም አይሞላም።

በዚህ ሁሉ ክብደትና ውፍረት የሚገኘው ትርፍ ምን ያህል ነው? የተለመደው ባለ 45 አረር 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 255 ሜትር አካባቢ ነው። የባለ 9 አረር 8 ግራም ያህል ሆኖ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይፈተለካል። ትንሹ አረር የክብደቱን ጉድለት በፍጥነቱ ስለሚያካክስ፣ በስሌት ሁለቱም የሚሸከሙት ጉልበት 490 ጁል አካባቢ፣ ማለትም ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ተኳሹ እጅ ላይ የሚያርፈው ምት ግን እኩል አይደለም። አረሩ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡን ወደ ኋላ የሚገፋው በክብደቱና በፍጥነቱ ብዜት ልክ ስለሆነ፣ ባለ 45 ከባለ 9 ከሲሶ በላይ አብልጦ ይገፋል። አፈሙዙ ከፍ ብሎ ይነሳል፤ ዒላማው ላይ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ተኳሹም ምቱን እየፈራ ከመተኮሱ በፊት እጁን ማጠፍ ይለምዳል። በዒላማ ሜዳ ይህ ነጥብ ያስጥላል፤ በአደጋ ጊዜ ደግሞ የሳተው ጥይት ከበስተጀርባ ያለ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ክርክሩን በተግባር ፈትኖ ያየው ትልቁ ተቋም የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ ነው። በኤፕሪል 11 ቀን 1986 ስምንት የቢሮው ወኪሎች በማያሚ ከሁለት የታጠቁ የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተጋጥመው ሁለቱ ሲሞቱ አምስቱ ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱን ቀድማ ያገኘችው ባለ 9 ጥይት ክንዱን አልፋ ደረቱ ውስጥ ገብታ ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆመች፤ ሰውየውም መተኮሱን ቀጠለ። ቢሮው ጥፋቱን በጥይቷ ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ ለምርመራ በሚያገለግል ጄላቲን ውስጥ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የማይጠልቅ ጥይት አያገለግልም የሚል መመዘኛ አወጣ፤ በ1990ም ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ መረጠ። ይሁን እንጂ የባለ 10 ሙሉ ጉልበት ለብዙ ወኪሎች ስለከበደ ቢሮው ባሩዱ የተቀነሰለትን ጥይት ነበር የያዘው። ያ የተቀነሰ ጉልበት አጠር ባለ ቀለህ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል የተረዱት አምራቾች በዚያው ዓመት ባለ 40 ጥይትን ለገበያ አቀረቡ፤ ኤፍቢአይም በ1997 ወደዚያ ተሸጋገረ። በ2014 ደግሞ የቢሮው የሥልጠና ክፍል ነገሩን እንደገና መርምሮ፣ አዳዲሶቹ ባለ 9 ጥይቶች ያንኑ የጥልቀት መመዘኛ እንደሚያሟሉ፣ አብዛኞቹ ወኪሎችም በባለ 9 ፈጥነውና አስተካክለው እንደሚመቱ ጽፎ ወደ ባለ 9 መመለስን ደገፈ። በ2016 ውሉ ተፈረመ። ሠላሳ ዓመት የፈጀው ዙር የተጀመረበት መጠን ላይ ተዘጋ። በመካከሉ የተለወጠው የአረሩ አሠራር እንጂ የአፈሙዙ ስፋት አልነበረም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም ተወዳዳሪዎች ሌላ መጠን ይዘው እንዲቀርቡ በሩን ከፍቶ ሳለ፣ በ2017 የመረጠው አዲስ ሽጉጥ ባለ 9 ነው።

ጥይቱ ካልለየ፣ የሚለየው የሚተኩሰው ሰው ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊሶችን ተኩስ መርምሮ፣ ተኩስ ልውውጥ ውስጥ ከተኮሷቸው ጥይቶች ዒላማቸውን የመቱት 18 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ተጠርጣሪው አጸፋ ባልተኮሰበት ጊዜ እንኳ ከ30 በመቶ አላለፈም። እነዚህ ሥራቸው ብለው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ በዓመት አንዴ ዒላማ የሚተኩስ ሰው ከእነሱ ይሻላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ልምምድ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ባለ 45 ጥይት ዋጋው ብዙ ጊዜ የባለ 9ን እጥፍ ይጠጋል፤ ባለ 10 ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ለጥይት የተመደበው ገንዘብ ያው ከሆነ፣ ትልቁን የመረጠ ሰው ልምምዱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ የሚለማመደው የበለጠ ልምምድ በሚፈልገው መሣሪያ ነው። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የትልቅ ጥይት ወዳጆች የሚያነሱት የመጀመሪያ መከራከሪያ ቀላልና እውነት ያለበት ነው፤ ሁለት ጥይት እኩል ቦታ ላይ ካረፈ ሰፊው የበለጠ ይጎዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው የስፋት ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። “እኩል ቦታ ላይ ካረፈ” የሚለው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ሙሉውን ክርክር ይሸከማል፤ ማስረጃው የሚያሳየው አብዛኛው ሰው በሁለቱ እኩል እንደማይመታ ነውና። ሁለተኛው መከራከሪያ የካዝና ብዛት ነው፤ አጥቂዎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፣ መሳትም አለ፣ ስለዚህ ብዙ ጥይት መድን ነው ይላሉ። ይህንን አልቃወምም፤ እንዲያውም ለእኔ ይመሰክራል። በእኩል መጠን ካዝና ውስጥ ብዙ የሚገባው ትንሹ ጥይት ነውና፣ ብዛትን የሚፈልግ ሰው ስፋትን መተው ይቀለዋል። በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ከኪስ ብዙ በማይበልጥ አካል 10 ባለ 9 ጥይት መያዝ መቻሉም ብዛት የግድ ትልቅ ሽጉጥ እንደማይጠይቅ አሳይቷል። ሦስተኛው መከራከሪያ ከአላስካ ይመጣል፤ ድብ በሚዞርበት ጫካ የሚሠራ ሰው ባለ 10 ቢይዝ ማንም አይፈርድበትም። የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ግን ድብ አይገጥመውም።

ዒላማ ሜዳ ሌላ ዓለም መሆኑም መነገር አለበት። እዚያ ከባድ ሽጉጥ ጸጋ ነው፤ ክብደቱ ምቱን ይውጣል፣ ረጅሙ አፈሙዝ ማነጣጠሪያዎቹን ያራርቃል፣ ወፍራሙ እጀታም መዳፍ ይሞላል። በአሜሪካ የተግባር ተኩስ ውድድሮች በአንዳንድ ምድቦች ጉልበተኛ ጥይት የሚተኩስ ተወዳዳሪ ከመሐል ወጣ ብሎ ለሚያርፍ ምት ከሌላው የተሻለ ነጥብ ያገኛል። ባለ 45 ሆኖ 15 የሚጎርስ ሽጉጥ በዚህ ሜዳ ደስታም ጥቅምም አለው። ስህተቱ የሚጀምረው ቅዳሜ ያስደሰተው ብረት ሰኞም ይታጠቃል ሲባል ነው። ወገብ ላይ አሥር ሰዓት የሚውል መሣሪያ ሲከብድ ይጎረብጣል፤ ከልብስ ሥር አጮልቆ ይታያል፤ ባለቤቱም ውሎ አድሮ መኪና ውስጥ ትቶት መሄድ ይጀምራል። መኪና ውስጥ የተተወ ሽጉጥ ደግሞ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ ለሌባ ሲሳይ ነው። ስለዚህ ሁለት ሥራ ሁለት መሣሪያ ይጠይቃል፤ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ለመታጠቅ የሚስማማውን ይግዛ፤ ዒላማውንም በዚያው ይለማመድ።

ሕጉም ወደዚሁ ይገፋል። በካሊፎርኒያ፣ በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ ሕግ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና የተከለከለ ነው፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ግዛት ሽያጩን ከልክለዋል፤ ኮሎራዶ ወሰኗን 15 ላይ አድርጋለች። እነዚህ ሕጎች በየፍርድ ቤቱ ክርክር ስለሚነሳባቸው የሚገዛ ሰው በገዛበት ቀን ያለውን ማወቅ አለበት። ሜሪላንድ የሌላ ግዛት የመታጠቅ ፈቃድ አትቀበልም፤ በቨርጂኒያ ፈቃድ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግ እራት የሄደ ሰው ሽጉጥ በወገቡ ካለ ሕግ ተላልፏል። ይህ ለስደተኛ ከገንዘብ ቅጣት የከበደ ነገር ያመጣል። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ የጦር መሣሪያ ሕግ በመጣስ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር እንደሚችል የፌደራል ሕጉ ይደነግጋል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ ራሱ አይፈቀድለትም። ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩባቸው ኡበርና ሊፍትም አሽከርካሪዎች በሥራ ላይ እንዳይታጠቁ ይከለክላሉ። ካዝናው ስንት ይጎርሳል ብሎ ከመጠየቅ በፊት እነዚህ መጠየቅ አለባቸው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ከሌላ ወገን ይመጣል፤ ጭራሽ አለመታጠቅ ይሻላል የሚለው። ክብደት አለው። በአሜሪካ በ2021 በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የገባ ሽጉጥ ከሌባ ይልቅ ለቤተሰቡ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው ማለት ነው። ጭንቀት ያለበት ሰው ወይም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ባለበት ቤት መልሱ “አትግዙ” ቢሆን አልከራከርም። ለሌሎች ግን ሕጉ የፈቀደውን ሰው ሁሉ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው የሚገዛው ሰው በምን መመዘኛ እንደሚገዛ መወያየት ነው። ያ መመዘኛ ቁጥጥር ከሆነ “ልታጠቅ ወይስ ልተው?” የሚለውንም “የትኛውን ልግዛ?” የሚለውንም ጥያቄ ይመልሳል። ሽጉጡን በእጁ መቆጣጠር ያልቻለ፣ ቤቱም ሲገባ ቆልፎ ማስቀመጥ የማይችል ሰው ጥይቱ ምንም ያህል ቢሆን መታጠቅ የለበትም።

ስለዚህ ለመግዛት የቆረጠ አንባቢ ከመግዛቱ በፊት ዒላማ ሜዳ ሄዶ ሁለት ሦስት ዓይነት ሽጉጥ ተከራይቶ ይሞክር፤ ብዙ ሜዳዎች ያከራያሉ። በሰባት ሜትር ርቀት አምስት ጥይት አከታትሎ ሲተኩስ ምቶቹን ይበልጥ የሚሰበስብለትን ይምረጥ፤ የሚያምርለትን አይደለም። ለብዙ ሰው ያ ሽጉጥ ባለ 9 ይሆናል። ከገንዘቡ ጥሩውን ድርሻ ለሥልጠና፣ ለጥይት፣ ቃታውን ለሚሸፍን ጠንካራ ማኅደርና ለሚቆለፍ ሣጥን ያስቀር። ለእነዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለው ሽጉጡን ለመግዛትም ገና ነው።