ያልተቀመጥነውን ለቅሶ እንቀመጥ

የደብረ ማርቆስ ሰዎች፣ የቢቸና፣ የሞጣ፣ የደጀን፣ የደምበጫ ወገኖች! ለቅሶስ እናውቅበታለን። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት እንጀራና ንፍሮ ይዞ ይደርሳል። አልቃሿ የሟቹን ስም እየጠራች ሙያውን ታወጣለች፤ ሐዘንተኛው ደረቱን ይደቃል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ በሣልስቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያው እያለ ቀስ በቀስ ወደ ሰው ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሥርዓት ይዘን ግን አንድ ትልቅ ለቅሶ ሳንቀመጥ ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ነው።

በነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ላይ 75 እስረኞች ተገድለው በጅምላ ተቀበሩ። ብዙዎቹ ለጋ ወጣቶች ነበሩ። የሰፈር ወሬ አይደለም። በጊዜው የደርግ ተወካይ ሆኖ ወደ ጎጃም የተላከው እሸቱ ዓለሙ በሚኖርበት ኔዘርላንድስ ተይዞ ዘ ሄግ ላይ ለፍርድ ቀረበ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ለእነዚህ 75 ሰዎች ግድያ፣ 321 እስረኞችን ሰብዓዊነት በጎደለው ሁኔታ አጉሮ ለማሠቃየቱም ጭምር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። እዚያ የተደረሰው ከሞት የተረፉትና የሟች ቤተሰቦች አፋቸውን ስለከፈቱም ጭምር ነው። የሚቆጨኝ፣ ያንን ቃል የሰሙት የሩቅ አገር ዳኞች ሲሆኑ የኛ እድር ገና አለመስማቱ ነው።

በቀይ ሽብር ዘመን ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። እናት ጥቁር ለብሳ ልትታይ አትችልም፤ ጎረቤትም «እግዜር ያጥናሽ» ለማለት ግራ ቀኙን ያይ ነበር። ሆድ ይፍጀው ተባለ። ሆድ ግን አልፈጀውም። እስቲ በየቤታችን ያለውን ሣጥን እንክፈት፦ ከታች፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ አፍሮ ያበጠረ ቤልቦተም ሱሪ የለበሰ ልጅ ፎቶግራፍ አለ። ማን እንደሆነ ልጆች ሲጠይቁ «ዘመድ ነው» ይባላሉ። ማታ በር ሲንኳኳ የእማማ እጅ ላይ ሲኒው ይንቀጠቀጣል፤ ልጇ ምክንያቱን ሳይነገረው አብሮ መደንገጥን ይለምዳል። እሱ በተራው አባት ሲሆን ሴት ልጁ ከትምህርት ቤት አንድ ሰዓት ብትዘገይ እንደ እብድ ይጮኽባታል። እሷም ክፉ አባት ያላት ይመስላታል። ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እያልን ስም ስናወጣስ ስንቱን ሕፃን ያላየውን አጎቱን ቦታ ሙላ ብለነዋል?

ሌላም ውርስ አለን። በገጠሩ የአባቱ ጠመንጃ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ «ደመኛህ የእነ እከሌ ዘር ነው» እየተባለ ያደገ ልጅ አለ። ከጣሊያን ወረራ የተረፉ አያቶች፣ በ1960 የገበሬው አመፅ ጊዜ መንደራቸው በአውሮፕላን የተደበደበ ወላጆች ቁስላቸውን በፉከራና በቀረርቶ አለፉት። ጀግንነታችንን ማጣጣሌ አይደለም። በ1937 ለተሰቀለው በላይ ዘለቀ ዛሬም ድረስ ይዘፈናል፤ የ75ቱን ስም ግን በእድር ድንኳን ውስጥ ስንቴ ሰማን? ፉከራ ደግሞ ቁጣን እንጂ ድንጋጤን አያስተነፍስም።

ከናዚ እልቂት የተረፉ አይሁዶችንና ልጆቻቸውን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ሬቸል የሁዳ፣ የወላጆች ሰቆቃ በልጆቻቸው የጭንቀት ሆርሞን ላይ ሳይቀር ምልክት ሊተው እንደሚችል የሚጠቁም ውጤት አግኝተዋል። በዘር ይተላለፋል ወይስ በአስተዳደግ የሚለው ገና ያከራክራል፤ ይከራከሩበት። ልጅ ፍርሃትን ከእናቱ ፊት እንደሚያነብ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻንም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአካባቢያችን በተኩስ ድምፅ ከእንቅልፉ የሚባንነው ልጅም ነገ አባት ይሆናል። የትናንቱን ሳናወርድ የዛሬውን ልንጭንበት ነው።

ስለዚህ እንነሣ! በ1970 ሃያ ዓመት የሞላቸው ዛሬ ሰባ እየተጠጉ ነው፤ እነሱ ሳያልፉ እንቀመጥ። የእድር ዳኞች፣ ነሐሴ ሳይደርስ በወርኃዊ ስብሰባችሁ ጉዳዩን አስይዙ። ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ድንኳኑ የሚያፈስ ከሆነ አዳራሽ ይለመን። እናቶች ፎቶግራፉን ከሣጥን አውጡ። የክርስትና ስም የሚያውቅ ይናገርና ካህናት በጸሎተ ፍትሐት ይጥሩት፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም በዱዓቸው ያስቡ። አልቃሿ ትምጣ፣ በወጉ ይለቀስ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማንም ተገድዶ እንዳይናገር። የዓለም ጤና ድርጅትም የደረሰበትን ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ እንዲዘረግፍ መግፋትን አይመክርም። የግርፋቱ ዝርዝር በሕፃናት ፊት አይነገር፤ ለእነሱ «አጎትህ ነበር፣ ሰዎች ገደሉት፣ እኔም እሱን እያሰብኩ ነው የምደነግጠው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ይበቃል። እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ካለ ጸበሉም ሐኪሙም አይከለከሉትም፤ አንዱን ለማስመረጥ አንጨቃጨቅ። ሐራሬ ውስጥ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 አሮጊቶችን አሠልጥነው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው የተጨነቀን ሰው እንዲያዳምጡ አድርገዋል፤ ሠርቷል። እኛ ዘንድ ቡና አፍልተው ማዳመጥ የሚያውቁ እትዬዎች መች ጠፉ! የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እነሱን አሠልጥኑ፤ ተማሪዎች ደግሞ ፈቃድ እየጠየቃችሁ የሽማግሌዎቹን ቃል ቅዱ። በውጭ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ደውሉና «እማዬ፣ ያ ፎቶው ላይ ያለው ማነው?» በሉ።

«የሞተን ሰው ምን ቀሰቀሰው» ብሎ የሚቃወም ከየእድሩ አይጠፋም። እሱን አትለፉት፤ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ ብዙ የሚያውቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።