«ከውጭ ግዙ» የሚባል ሕክምና

ሐኪሙ መርምሮ ማዘዣ ጽፏል። ታማሚው፣ ወይም ዊልቸሩን የሚገፋለት ወንድሙ፣ ወረቀቱን በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት ያቀብላል። ባለሙያዋ መደርደሪያውን አየት አድርጋ ትመልሳለች፦ «ይሄ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ።» ለብዙ አካል ጉዳተኞች ሕክምናው እዚያች መስኮት ላይ ያበቃል። ውጭ ያለው ፋርማሲ የሚጠይቀው ገንዘብ እነሱ ቤት የለም።

ለምን እንደሌለ መገመት አያዳግትም። አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብታቸው በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ቢደነገግም ቀጣሪ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ወጪያቸው ግን ከሌላው ሰው ይበልጣል። ተጋፍቶ ታክሲ መሳፈር የማይችል ሰው ለቀጠሮው ባጃጅ በኮንትራት ይይዛል። አብሮት የሚሄደው ዘመድም የዚያን ቀን ሥራውን ትቶ ነው። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ጭማሪው የደረሰው እዚያው ክኒን የሚቆጥረው ሰው እጅ ላይ ነው።

መግዛት ያቃተው ሰው መድኃኒቱን ያብቃቃል። በቀን ሁለት ፍሬ የታዘዘለት አንድ ይውጣል፣ ወይም አንድ ቀን እየዘለለ ይወስዳል። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፤ እሱም ይገድላል። ምድጃው መሬት ላይ ባለበት የገጠር ቤት ደግሞ በሽታው ያለባት ሴት እንጀራ ስትጋግር ብትወድቅ የምትወድቀው እሳት ላይ ነው። በዚህ ሰበብ እጃቸውንና ፊታቸውን ያጡ እህቶች በየአካባቢያችን አሉ። የጀርባ አጥንቱ ተጎድቶ በካቴተር የሚሸና ሰውም አዲስ መግዛት ሲያቅተው አሮጌውን ደጋግሞ ይጠቀማል፤ ኢንፌክሽን ሲይዘው አንቲባዮቲኩን የሚገዛበት የለውም፤ ውሎ አድሮ ጉዳቱ ኩላሊት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ አንዳንድ አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ ገልጿል። በእኛ አገር ከዚህ ሞት ከፊሉ በመድኃኒት ዋጋ ምክንያት የሚመጣ ነው ብለን እናምናለን።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ ይባል ይሆናል። አለ፤ ውለታውንም አንክድም። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ዛሬ አገር ያዳረሰው ይህ ሥርዓት በሬ ሸጦ መታከምን ከብዙ ቤት አስቀርቷል። ለአካል ጉዳተኛው ግን በሩ ጠባብ ነው። መድኑ የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ከዋናው ቤተሰብ ስለሚወጣ እሱን ለማካተት ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። ጤነኛው ልጅ በዚያ ዕድሜ ሠርቶ የራሱን ይከፍላል፤ ከአልጋ የማይነሳው የ25 ዓመት ልጅ ግን አሁንም የእናቱ እጅ ላይ ነው።

መዋጮ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ለዚህ የሚመረጠው መሬት፣ ቤትና ጥሪት የሌለው ተብሎ በቀበሌው የተለየው ነው። በቆርቆሮ ቤት ከአጎቱ ጋር የሚኖረው ዓይነ ስውር በዚህ መስፈርት ደሃ አይባልም፤ ቆርቆሮው የአጎቱ፣ ድህነቱ ግን የራሱ ነው። ምርጫው በስብሰባ ፊት መሆኑም ሌላ ችግር አለበት። የሚጥል በሽታን ተላላፊ ነው ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው በሚል ሰፈር ውስጥ እናት የልጇን ሕመም ጎረቤት በተሰበሰበበት ቆማ ተናገሪ ብትባል እንዴት ታደርገዋለች? ነገ ልጇን ማን ያገባታል? ዝም ትላለች፤ ዝም ያለችው እናትም ከዝርዝሩ ትቀራለች።

ካርዱ በእጁ ያለውም ቢሆን መስኮቱ ጋ ሲደርስ «አልቋል» ይባላል። በዓመቱ መጀመሪያ ለሙሉ አገልግሎት የተከፈለ መዋጮ እያለ መድኃኒቱን በሙሉ ዋጋ ከግል ፋርማሲ ግዛ ማለት መድን አይደለም። ለዚህ ተጠያቂው መስኮቱ ላይ የቆመችው ባለሙያ አይደለችም፤ ያልመጣላትን መድኃኒት ልትሰጥ አትችልም።

ይህ ጋዜጣ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ አካል ጉዳተኛ፣ የሚኖርበት ቤት የማንም ይሁን፣ በራሱ ስም መዋጮው በመንግሥት ይሸፈንለት፤ ማረጋገጫውም የሐኪም ወረቀት ይሁን እንጂ የስብሰባ ድምፅ አይሁን። የምዝገባ ወቅት ካለፈ በኋላ ጉዳት የደረሰበት ሰውም ዓመት ሙሉ አይጠብቅ። መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ሲጠፋ ደግሞ መድኑ ውል ከያዘበት የከነማ፣ የቀይ መስቀል ወይም የግል መድኃኒት ቤት ታማሚው ያለ ክፍያ ይውሰድ፤ ሒሳቡን ወረዳውና መድኃኒት ቤቱ ይተሳሰቡ። ገዝቶ ደረሰኝ አምጣና ይመለስልሃል የሚለው አሠራር መጀመሪያውኑ መግዣ ለሌለው ሰው አይሠራም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የመንግሥት በጀት ጠባብ ነው፤ ዕርዳታም እየቀነሰ ነው። ነገር ግን ፌኖባርቢታል በዓለም ላይ ካሉ ርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው። እሳት ላይ ወድቃ ለሳምንታት ሆስፒታል የምትተኛ አንዲት ሴት ለአልጋ፣ ለቁስል ማጠቢያና ለቀዶ ሕክምና የምታስወጣው ከዚህ ክኒን ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ይህች አገር በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ እንዲሰጥ ስትወስን ከዛሬ የተሻለ ሀብት አልነበራትም። የውጭ አጋሮች ድጋፍ እንደነበረበት አንዘነጋም። ቢሆንም የዕድሜ ልክ መድኃኒት በየወሩ ሳይቋረጥ ጤና ጣቢያ ድረስ ማድረስ እንደሚቻል ያን ጊዜ ታይቷል።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በጤና መድን ውስጥ በጉዳት ምክንያት መድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል። መስፈርቱ አካል ጉዳተኛን በስም ባያገልም፣ በአሠራሩ እስካስቀረው ድረስ መድልዎ ነው ብለን እናምናለን።

ጤና ሚኒስቴርና የጤና መድን አገልግሎት የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይከፈት ቅጹን ይቀይሩ። የቤቱ ጣሪያ፣ የመሬቱ ስፋትና የከብቱ ብዛት ከመጠየቁ በፊት አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «በዚህ ቤት በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስድ አካል ጉዳተኛ አለ? ባለፈው ወር መድኃኒቱን ከየት አገኘ?»