እርጎውን ሳይሆን ጥሬውን ፍሩ

ትናንት ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ልጄ ስድስት ወር ሞላው። ምግብ እያስጀመርኩት ነው። እርጎ ልስጠው ብል ቤቱ በሙሉ ተነሳብኝ።» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ከምልክላት እዚህ ልጻፈው፤ የሚቆጣም ይቆጣኝ።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ የማያስፈራውን እንፈራለን፤ የሚያስፈራውን ደግሞ በማንኪያ እናጎርሳለን።

እርጎ የምንከለክልበትን ምክንያት ስሙልኝ። «ይኮመጥጣል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል።» «ብርድ ነው፣ ጉንፋን ያመጣበታል።» ኧረ እባካችሁ! እርጎ የሚኮመጥጠው ባክቴሪያዎቹ በወተቱ ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለውን ስኳር ወደ አሲድ ስለሚቀይሩት ነው። ስለዚህም ከወተቱ ያነሰ ላክቶስ አለው። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ እርጎ አይደለም። ቅዝቃዜው ካሳሰባችሁ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት አቆዩት፤ አለቀ።

ሦስተኛው ምክንያት ጾም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየመኛል። እኔም እጾማለሁ። ግን ሁዳዴ ሲገባ ወተት ከቤት ይወጣል፣ «ዕቃ ይነካካል» ይባላል፣ ሕፃኑም ከእኛ ጋር ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትለውም፤ እኛ ግን ከእሷ በልጠን እናስጾመዋለን። ለስምንት ወር ሕፃን 55 ቀን ማለት የዕድሜው ሩብ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የሚገርመው ደግሞ ወተት ገዢ የሚያጣው ያኔ ነው፤ አርሶ አደሩ ወተቱን የሚያደርስበት አጥቶ ቅቤ ያደርገዋል። ችግሩ ዕቃ ከሆነ አንዲት ሳህንና አንዲት ማንኪያ ለልጁ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የአገራችን ሕፃናት በቂ ዓይነትና በቂ ጊዜ የሚመገቡት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 38 በመቶዎቹ ቀንጭረው ነበር። ይህን ቁጥር ክፍል ውስጥ ያስጻፍኳችሁ ታስታውሱታላችሁ።

አሁን ወደማንፈራው እንምጣ።

የመጀመሪያ ልጄ ስምንት ወሩ ነበር። ከገጠር፣ በወይራ በታጠነ ቅል እርጎ መጣልን፤ ሽታው ብቻ ያጠግባል። የማስተምረውን ራሴ ረስቼ አጎረስኩት። በማግስቱ ተቅማጥና ትኩሳት ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ትንሿ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት አደርን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወተቱ ፈልቶ ነበር?» ብሎ ነው። ያመመው እርጎው ስለመሆኑ ማንም በምርመራ አላረጋገጠልኝም። እኔ ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

«አያቶቻችን ጥሬውን ጠጥተው ነው ያደጉት» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያደጉት ናቸው የሚያወሩን፤ ያላደጉት አይናገሩም። ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ መርጋቱ ብቻ አይገድላቸውም። የወይራው ጭስ ሽታና ጣዕም ይሰጣል እንጂ የማፍላትን ሥራ አይሠራም። አይብም እሳት ያያል፣ ግን ለዘብ ያለ እሳት ነው፤ አትመኑት።

ሁለተኛው የማንፈራው ስኳር ነው። የአያቱን እርጎ የከለከለች እናት ሮዝ ቀለም ያለው፣ እንጆሪ የተሳለበትን ጣፋጭ እርጎ ከሱፐርማርኬት ገዝታ ትሰጣለች። ሌላዋ እንዲጣፍጠው ማር ታደርግበታለች። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል።

እንግዲህ ለተማሪዬ፦

ወተቱን አፍዪው። ትንሿ ጣትሽ እስክትችለው ይቀዝቅዝ። አንድ ማንኪያ እርጎ ለእርሾ ጨምረሽበት፣ ከድነሽ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሪው። አደራ፣ እርሾው ራሱ ከጥሬ ወተት ከሆነ ማፍላትሽ ከንቱ ነው፤ ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራ፣ ስኳር የሌለበት እርጎ ይሁን። ሲረጋ ፍሪጅ አስገቢው። ቅባቱን አትግፈፊ፤ ስኳርም ጨውም አትጨምሪ።

መጀመሪያ ቀን ጠዋት ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ሽፍታ ከወጣበት ወይም ካስታወከው አቁሚና ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ከንፈሩና ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ደግሞ አንድ ደቂቃ አትቆዪ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጪ። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ልጅ ከሆነ ሳትጀምሪ ሐኪም አማክሪ። ከተስማማው በየጥቂት ቀኑ ጨምሪለት፤ ከተፈጨ ሙዝ ወይም ከአጃ ገንፎ ጋር ይሄዳል።

እርጎ ግን የጡትሽን ቦታ አይውሰድ። የላም ወተትም ዓመት ሳይሞላው ዋና መጠጡ አይሁን። እርጎ ብረት ስለሌለው ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ በደንብ በስሎ የተፈጨው ሥጋ አይቅር።

አማትሽን ደግሞ አትጋፊያቸው። እሳቸው ልጁን ስለሚወዱ ነው የሚፈሩት። ወተቱን ሲፈላ አሳያቸው፣ እርሾውን በእሳቸው እጅ አስጨምሪ፣ የመጀመሪያዋን ማንኪያም እሳቸው ያጉርሱት። ከእኔ ረጅም ፖስት ይልቅ እሱ ያሳምናቸዋል።

የቀራችሁ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ እናንተ ናችሁ። እናት ስትጠይቃችሁ «እርጎ ይቅርባት» ብላችሁ አትሸኟት። «ወተቱ ፈልቷል?» ብላችሁ ጠይቋት።